ትምህርት ከሳተላይት ሲወርድ መልሱ በየት በኩል ይመለሳል?

ይፋግ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ የምትገኝ ጥንታዊ የገበያ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሞሌ ጨውና ሌላ ሸቀጥ የጫኑ ነጋዴዎች ይገናኙባት ነበር፤ ስሟም በውጭ አገር መንገደኞች ጽሑፍ ሳይቀር ይነሣል። ገበያ ደግሞ ስለ መገናኛ ብዙ የሚያስተምር ቦታ ነው። ሻጭ ዋጋ ይጠራል፤ ገዥ ይቀንሳል፤ ሻጭም የገዥውን ፊት አይቶ ያወርዳል ወይም ይጸናል። ሻጩ ብቻውን ሲጮኽ ቢውል ዋጋ አይቆረጥም። አበው «አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም» የሚሉትም ለዚህ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አገራችን በቴክኖሎጂ መሣሪያዎች የታገዘ ትምህርትን ከሞከረች ከሃያ ዓመታት በላይ ሆኗታል። በፕላዝማ ቴሌቪዥን፣ በራዲዮ፣ በቴሌግራም፣ በኢንተርኔት ሞክራለች። ለመሆኑ እነዚህ መሣሪያዎች ተማሪውን ተሳታፊ ለማድረግ የጎደላቸው ምንድን ነው? በብዙዎች ዘንድ የሚሰማው መልስ «የኔትወርክ አቅም» የሚል ነው። እኛ ግን ጉዳዩን በፊዚክስ ሚዛን መዝነን ስንመለከተው የተለየ መልስ እናገኛለን።

ሳተላይት ለምን ተመረጠ?

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በሳተላይት አማካይነት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ማስተላለፍ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነበር። እንደ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና እንግሊዝኛ ያሉ ትምህርቶች አስቀድመው በውጭ አገር ተቀርጸው በአንድ ሰዓት ለመላ አገሪቱ ይሠራጩ ነበር። ይህን መንገድ ለመምረጥ ሳይንሳዊ ምክንያት ነበረ። በደቡብ ጎንደር ያደገ ተማሪ ምክንያቱን ከመስኮቱ ሆኖ ማየት ይችላል።

ጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ደብረ ታቦር በስተ ምዕራቡ ከ2,600 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ ይፋግና የፎገራ ሜዳ ደግሞ ወደ ጣና ዝቅ ብለው ይገኛሉ። የቴሌቪዥንና የሞባይል ማሰራጫዎች የሚጠቀሙባቸው ሞገዶች በአብዛኛው በቀጥታ መሥመር የሚጓዙ በመሆናቸው ተራራ ሲያጋጥማቸው በስተ ጀርባው ጥላ ይጥላሉ። በሸለቆ ያለ መንደር ከማማው ብዙ ሳይርቅ «ኔትወርክ የለም» የሚለው ለዚህ ነው። ሳተላይት ግን ከላይ ያያል። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ የተቀመጠ ሳተላይት መሬት በራሷ ዛቢያ በምትዞርበት ፍጥነት እኩል ስለሚዞር በሰማይ ላይ በአንድ ቦታ የቆመ ይመስላል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗም ሳተላይቱ ከተራሮቻችን በላይ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሳህን ጣሪያ ላይ ከተተከለና በትክክል ከተነጣጠረ፣ ከጉና ሥር ያለው ትምህርት ቤትና አዲስ አበባ ያለው ትምህርት ቤት እኩል ይቀበላሉ። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው፤ ልንክደው አይገባም።

የወረደውና ያልተመለሰው

እስቲ አሁን ትንሽ ስሌት እንሥራ። ምልክቱ ከጣቢያው ወደ ሳተላይቱ ወጥቶ ወደ ክፍሉ ሲወርድ በትንሹ 71,572 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጉዞው 0.24 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። አንድ ተማሪ ጥያቄ ጠይቆ በዚያው መንገድ መልስ ቢያገኝ ኖሮ የሚጠብቀው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ገደማ በሆነ ነበር። ርቀቱ፣ እንግዲህ፣ እንቅፋት አልነበረም። እንቅፋቱ የመመለሻ መንገድ አለመኖሩ ነው።

በፕላዝማው ውስጥ ያለችው መምህርት ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ደቂቃ ትወስዳለች። ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፤ «በጣም ጥሩ» ትላለች፤ ትቀጥላለች። ተማሪዎቹ ሁሉ ተሳስተው ቢሆንም «በጣም ጥሩ» ትላለች፤ ምክንያቱም የተቀረጸችው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። በክፍሉ ያለው መምህር ተማሪዎቹ ግር እንዳላቸው በዓይኑ ያያል፤ ነገር ግን ሥርጭቱ ቀጥታ ስለነበር ማቆም አይችልም። መብራት ከጠፋም የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ይጠፋል። የሚያየው ሰው የማቆም ሥልጣን አልነበረውም፤ የማትቆመዋ ደግሞ አታይም። በቁጥጥር ሳይንስ አነጋገር ይህ ግብረ መልስ የሌለው ሥርዓት ነው። የእንጀራ ምጣዱን ሙቀት ሳያይ እሳቱን የሚጨምር ጋጋሪ ያጋጥመዋል ብለን የምናስበው ሁሉ በእንዲህ ዓይነቱ ክፍልም ያጋጥማል።

በሳተላይት የሁለትዮሽ ትምህርት መስጠት የማይቻል ሆኖ አልነበረም። በሕንድ መንግሥት ድጋፍ የተዘረጋው የመላው አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ በኢትዮጵያ ሲሞከር፣ የአዲስ አበባና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሕንድ አገር ካሉ መምህራን ጋር ድምፅና ምስል ይለዋወጡ ነበር። ይሁን እንጂ በሺህ ለሚቆጠሩ ክፍሎች ሁሉ ምስል የሚልክ መሣሪያ መትከል ከአቅም በላይ ነው። ታዲያ መፍትሔው የት ነው?

መልስ ስንት ይመዝናል?

እዚህ ላይ የመረጃ ንድፈ ሐሳብ ይረዳናል። ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ሥራ መረጃ እንደ ጤፍና እንደ ጨው ሊለካ እንደሚችል አሳይቷል። መለኪያው ቢት ይባላል፤ አንድ ቢት የአንድ «አዎ ወይም አይደለም» መልስ ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ይሆናል።

በመጀመሪያ ወደ ተማሪው የሚወርደውን እንመዝን። መጠነኛ ጥራት ያለው፣ በሰከንድ አንድ ሜጋቢት የሚፈስ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 450 ሜጋባይት ይመዝናል። በሰከንድ 32 ኪሎቢት የሚፈስ የአንድ ሰዓት ድምፅ 14.4 ሜጋባይት ብቻ ነው። በፊደላችን የተጻፈ 2,000 ፊደል ያለው ገጽ ደግሞ፣ አንዱ ፊደል በተለመደው የኮምፒዩተር አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ 6 ኪሎባይት ይሆናል። በአንዱ ሰዓት ቪዲዮ ክብደት 75,000 ገጽ ጽሑፍ መላክ ይቻላል ማለት ነው።

ቀጥለን ከተማሪው የሚመለሰውን እንመዝን። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚል አራት አማራጭ ያለው ጥያቄ መልሱ ቢበዛ ሁለት ቢት ነው። ስድሳ ተማሪዎች ያሉበት ክፍል መልሱ በሙሉ 120 ቢት፣ ማለትም 15 ባይት ይሆናል። አንድ አጭር የሞባይል መልእክት 140 ባይት ይይዛል። ሌላ ዘዴ ሳንፈልግ የእያንዳንዱን ተማሪ መልስ በአንድ ፊደል ብንጽፍ እንኳ፣ በአማርኛ የሚጻፍ አጭር መልእክት 70 ፊደል ስለሚቀበል፣ የስድሳው ተማሪ መልስ በአንድ መልእክት ተጠቃልሎ ይሄዳል። ከአንድ ሺህ ክፍሎች የሚመጣው መልስ ሁሉ ተደምሮ 140 ኪሎባይት ነው፤ ይህም በሞባይል ከሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ያነሰ ነው።

እንግዲህ ይህን እናስተውል። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰው ከባዱን ነገር ወደ ታች ለማውረድ ነበር። የጎደለው ግን እጅግ ቀላሉ፣ የ15 ባይቱ መመለሻ ነው። ይህን የሚሸከም መሣሪያም ኢንተርኔት የማይሠራበት ተራ የእጅ ስልክ ነው።

መመለሻው መንገድ ምን ለውጥ ያመጣል?

«አሥራ አምስት ባይት ምን ይፈይዳል?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በልኬት የተደገፈ ነው። ሪቻርድ ሄክ የተባሉ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1998 የ62 ኮርሶችንና የ6,542 ተማሪዎችን የሜካኒክስ ፈተና ውጤት አነጻጽረው አሳተሙ። የለኩት ተማሪው በመጀመሪያ ካልነበረው እውቀት ምን ያህሉን በኮርሱ ጨበጠ የሚለውን ነበር። መምህሩ ብቻ በሚናገርባቸው ክፍሎች ይህ መጠን በአማካይ 0.23 ሲሆን፣ ተማሪው እየመለሰና እየተወያየ በሚማርባቸው ክፍሎች 0.48 ሆኖ ተገኘ። በቁጥር ብናስረዳ፣ ከመቶ 40 ይዞ የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ዓይነት ክፍል ወደ 54፣ በሁለተኛው ወደ 69 ይደርሳል።

የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያስፋፉት ዘዴ ከእነዚህ አንዱ ነው። መምህሩ አጭር ማብራሪያ ከሰጠ በኋላ አሳቢ ጥያቄ ያቀርባል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን ይመልሳል፤ መልሱ የተከፋፈለ ከሆነ ከጎኑ ካለው ጓደኛው ጋር ተከራክሮ እንደገና ይመልሳል። መምህሩ ወደፊት መሄዱን ወይም መመለሱን የሚወስነው በዚህ ነው።

ይህ ዘዴ ለደቡብ ጎንደር ባዕድ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ የአካባቢውን ታሪክ ያስታውስ። ለድጓ ምስክር የሆነችው ቤተ ልሔምና ለዝማሬ መዋሥዕት የታወቀችው ዙር አምባ በዚሁ ምድር ይገኛሉ። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ዝም ብሎ ሰምቶ አይሄድም፤ ቀለሙን ለመምህሩ ያሰማል፤ ይታረማል፤ ሳያስተካክል ወደሚቀጥለው አይሻገርም። በቅኔ ቤትም የበሰለው ተማሪ አስቀጻይ ሆኖ ታናናሾቹን ያለማምዳል። ግብረ መልስና እርስ በርስ መማማር ከባሕር ማዶ የመጡልን አይደሉም። ከባሕር ማዶ የመጣው መሣሪያ ግን እነዚህን ሁለቱን በር ላይ አስቀርቶ ነበር የገባው።

በሌላው ዓለምም ይኸው ሆኗል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያውን ነጻ የኢንተርኔት ኮርሱን ሲከፍት ከ150,000 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ። ፈጽመው የምስክር ወረቀት ያገኙት 7,157 ነበሩ። ኔትወርኩ ፈጣን፣ መምህራኑም ስመ ጥር ነበሩ፤ ቢሆንም ከመቶ አምስቱ እንኳ አልዘለቁም። መሣሪያ ተማሪን ይደርሰዋል እንጂ በራሱ አያቆየውም።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ጉዳዩ ከሙከራ ወደ ግዴታ ተሸጋገረ። ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ቀረበ፤ በከተማ ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ማስታወሻና የቤት ሥራ በቴሌግራም ላኩ። ቴሌግራም በዚያው ዓመት መልሱን ወዲያው የሚያሳይ የጥያቄና መልስ አገልግሎት ጨምሮ ስለነበር የመመለሻው መንገድ በእጃችን ገብቶ ነበር። ይሁን እንጂ አብዛኛው የተላከው የመጽሐፍ ገጽ ፎቶግራፍ ነበር። የፕላዝማው አሠራር በትንሿ ስልክ ላይ ተደገመ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስማርት ፎን የሌለው የገጠር ተማሪ ደግሞ ከሁሉም ውጭ ቀረ።

ከዚያም በኋላ በአማራ ክልል የሰሜኑ ጦርነት፣ ቀጥሎም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ከዚህ የምንማረው አንድ ዐቢይ ነገር አለ። ለይፋግ ወይም ለደብረ ታቦር ተማሪ የሚዘጋጅ ማንኛውም ዘዴ ኢንተርኔት ሲቋረጥ አብሮ የሚቋረጥ ከሆነ ዘዴ ሊባል አይችልም።

በሌላ በኩል የሚጠብቀው ፈተና አልቆመም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በኮምፒዩተር መስጠት ተጀመረ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጠ። ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ተማሪ ከሚያውቀው ጋር በአንድ ሰዓት ይፈተናል። ስለዚህ የምንነጋገርበት ጉዳይ የአንድ ትውልድ ዕድል ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የሚከተሉት ሦስት ነገሮች አሁን ባለው መሣሪያ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው ብለን እናምናለን።

አንደኛ፣ ከባዱን ነገር ወደ ትምህርት ቤቱ ማቅረብ። 450 ሜጋባይት ቪዲዮ በየተማሪው ስልክ በየቀኑ ከኢንተርኔት መጎተት የለበትም። አንዴ በሜሞሪ መጥቶ በትምህርት ቤቱ ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ከተቀመጠ በዋይፋይ ለሁሉም ይዳረሳል። ኮሊብሪ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር የተሠራው ለዚህ ነው፤ ራስፕቤሪ ፓይ በምትባል የእጅ መዳፍ በምታህል ኮምፒዩተር ላይም ይሠራል። ኮምፒዩተሯ የምትወስደው ኃይል ከ10 ዋት ያነሰ ስለሆነ መጠነኛ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ይበቃታል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመሩት ፌት የተባለው ስብስብ የወረዳ፣ የሞገድና የኃይል ሙከራዎችን አስመስለው የሚያሳዩ ነጻ ሲሙሌሽኖች አሉት፤ እነዚህም ወርደው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። በዚህ መንገድ መምህሩ በፕላዝማው ዘመን ያልነበረውን ሥልጣን ያገኛል፤ ቪዲዮውን አቁሞ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቀላሉን ነገር በቀላሉ መንገድ መመለስ። በክፍል ውስጥ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈባቸው አራት የካርቶን ቁራጮች ለእያንዳንዱ ተማሪ ይበቃሉ። ተማሪዎች ተበትነው በየቤታቸው ባሉበት ጊዜም የሰፈር ቡድን አቋቁመው በአንድ ተራ ስልክ መልሳቸውን ለመምህሩ ሊልኩ ይችላሉ። መምህሩ የሚመልሰው መልእክትም ሁለት መስመር ይበቃዋል፤ «ጥያቄ 3ን ብዙዎቻችሁ ስታችኋል፤ ገጹን እንደገና አንብባችሁ ተከራከሩበት» የሚል።

ሦስተኛ፣ ስልኩን ቤተ ሙከራ ማድረግ። ፊፎክስ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም በጀርመን አገር የአኽን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥቶታል። አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት በስልኩ ውስጥ ያሉትን የድምፅ፣ የፍጥነት ለውጥና የመግነጢስ መለኪያዎች ለሙከራ ያውላል። ለመላው ክፍል ሁለት ስልክ ይበቃል።

ለአንባቢያን የቀረበ ሙከራ

ይህን በተግባር እንየው። ሁለት ስልኮች በ20 ሜትር ርቀት ይቀመጡ፤ በሁለቱም ላይ በድምፅ የሚነሣውና በድምፅ የሚቆመው ሰዓት ይከፈት። አንደኛው ተማሪ በመጀመሪያው ስልክ አጠገብ ያጨብጭብ፤ ሁለቱም ሰዓቶች ይነሣሉ፤ የሩቁ ግን ድምፁ እስኪደርሰው ዘግይቶ ነው። ቀጥሎ ሁለተኛው ተማሪ በሁለተኛው ስልክ አጠገብ ያጨብጭብ፤ ሁለቱም ይቆማሉ፤ አሁን ደግሞ የመጀመሪያው ይዘገያል። የሁለቱ ንባብ ልዩነት ድምፅ 40 ሜትር ለመጓዝ የፈጀበት ጊዜ ነው። አሥር ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። ርቀቱን ስትለኩ ስሕተታችሁ ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ነፋስ በሌለበት ሰዓትም ሥሩ።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው። ሙከራውን በብርዳማ ጧት ደብረ ታቦር ላይ፣ በሞቃት ቀትር ደግሞ ይፋግ ላይ ብንሠራው፣ ድምፅ በደብረ ታቦር፦ ሀ) አየሩ ስለሳሳ ይዘገያል፤ ለ) አየሩ ስለቀዘቀዘ ይዘገያል፤ ሐ) አየሩ ስለሳሳ ይፈጥናል፤ መ) ለውጥ አያሳይም።

የሚከተለውን ከማንበባችሁ በፊት መልሳችሁን በወረቀት ጻፉ፤ ከጓደኛችሁም ጋር ተከራከሩ። ብዙ ተማሪ ሀን ይመርጣል፤ ምርጫውም ሞኝነት አይደለም፤ በደጋ አየር በርግጥ ይሳሳል። ነገር ግን በከፍታ ላይ የአየር ግፊትና ክብደቱ አብረው ስለሚቀንሱ በድምፅ ፍጥነት ላይ ያላቸው ተጽዕኖ እርስ በርስ ይጣፋል፤ የሚቀረው የሙቀቱ ልዩነት ነው። በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር፣ በ25 ዲግሪ 346 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ልኬት 0.118 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 0.116 ሰከንድ ያህል ይሆናል። ልዩነቱ ሁለት ሺህኛ ሰከንድ ነው፤ በጥንቃቄ የሚለካ ተማሪ ሊደርስበት ይችላል። የሁለቱ ከተማ ተማሪዎች ውጤታቸውን ለመለዋወጥ የሚያስፈልጋቸውም አንድ አጭር መልእክት ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ አሠርተው እንደነበር ይታወቃል። ከ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ፍጻሜ በኋላ ግን ምድጃው አልቀጠለም። መሣሪያውን የሚሠራውና የሚያውቀው ከሌላ ቦታ የመጣ ከሆነ፣ እርሱ ሲሄድ መሣሪያው ብረት ሆኖ ይቀራል። በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የጠቆሩ የፕላዝማ ስክሪኖችም ይህንኑ ያስታውሱናል።

ስለዚህ መምህራን አዲስ መሣሪያ ሲመጣ «ምን ያህል ያሳያል?» ከማለታችን በፊት «ተማሪው የሚመልስልን በየት በኩል ነው? መልሱን አይተን ማቆም እንችላለን?» ብለን እንጠይቅ። እናንተ ተማሪዎችም የሚመጣላችሁን ከመጠበቅ ይልቅ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተቧድናችሁ ጠይቁ፤ ለኩ፤ ተከራከሩ። ሁለት ስልክና 20 ሜትር ገመድ ያለው ቡድን ሥራውን ነገ ሊጀምር ይችላል። በሁለቱም ከተማ የምትገኙ አንባቢያን ውጤታችሁን በፋኩልቲያችን በኩል ብትልኩልን ጎን ለጎን አድርገን እናወጣዋለን። የመመለሻው መንገድ ከዚህ ይጀመር።